ፌስታሌን ወንፊት ያደረገው የሰም ትል፦ እውነት ፕላስቲክ ይበላል?

ንብ አናቢዋ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮዬ አራት ቀፎ አለኝ። ባለፈው ወር አሮጌ ሰፈፍ በድርብ ፌስታል ቋጥሬ ጓዳ ሰቀልኩ። ትናንት ሳወርደው ፌስታሉ ወንፊት ሆኗል፤ ነጫጭ ትሎች ግድግዳው ላይ ይርመሰመሳሉ። የሰም የእሳት እራት ትል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሰፈፍ ሲጨርስብኝም የመጀመሪያው አይደለም። ፌስታል መብሳቱ ግን አዲስ ሆነብኝ። እውነት ይበሉታል? ከበሉትስ ቦርከና ወንዝ ዳር ብለቃቸው? ክረምት በመጣ ቁጥር ፌስታሉ ከደሴ እየታጠበ ወደ እኛ ሲወርድ አንጀቴ ያርራል።

የባዮሎጂ መምህር (ደሴ)፦
እህቴ፣ ስፔን ውስጥ ፌደሪካ ቤርቶኪኒ የምትባል ተመራማሪም ይሄው ገጥሟታል። እሷም ንብ ታረባ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት 100 ያህል ትሎች በ12 ሰዓት ውስጥ 92 ሚሊግራም ፌስታል ጨርሰዋል። የጀርመን ኬሚስቶች ግን መታኘኩ ብቻ መፍረሱን አያሳይም ብለው ተከራከሩ። በኋላ እነ ቤርቶኪኒ በትሎቹ ምራቅ ውስጥ ፕላስቲኩን የሚያጠቁ ኢንዛይሞች (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) ማግኘታቸውን ዘገቡ።

የአንጀት ባክቴሪያ ሥራ ጎልቶ የታየው በሌላ ነፍሳት፣ በዱቄት ትል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የቻይናና የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቴሌቪዥን የሚታሸግበትን ነጭ ፎም አበሏቸው። ከበሉት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወጣ። ቀጥለው ጄንታማይሲን ሰጧቸው፤ ያው እኛም የምንወጋው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። የአንጀታቸው ባክቴሪያ ሲጠፋ ፎሙን ማፍረስ አቃታቸው። ተማሪዎቼን ይሄን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። የዱቄት ትሉ ያደቃል፣ ፕላስቲኩ የተሠራበትን ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ለመበጣጠስ ግን ባክቴሪያው ያስፈልገዋል።

አናቢ (ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ ግን እባክሽን ቦርከና ዳር እንዳትለቂያቸው! ክንፍ አውጥተው የሰፈሩን ቀፎ ሁሉ ይዞራሉ። ደካማ ቀፎ ካገኙ አይምሩም፤ እኔ ሁለት ቀፎ አጥቻለሁ። ሰፈፉን ዛሬውኑ አቅልጠሽ ሰሙን አጣሪ። የምታቆዪው ካለ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ቀን ይደር፣ እንቁላሉም ይሞታል።

ንብ አናቢዋ፦
እሺ፣ አልለቃቸውም። መምህር፣ 1 ግራም ፌስታል ለመጨረስ ታዲያ ስንት ቀን ሊፈጅባቸው ነው?

የባዮሎጂ መምህር፦
በዚያው ፍጥነት ከቀጠሉ፣ መቶው ትል አምስት ቀን ተኩል ገደማ። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ትሉን ትተው ኢንዛይሙንና ባክቴሪያውን የሚከታተሉት። ሳትገድያቸው አሥር ያህል አስቀምጪልኝ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው።

ንብ አናቢዋ፦
ይምጡ መምህር። ክዳኑ ብረት የሆነ ብልቃጥ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ።