ፀጉሬ በ24 ዓመቴ እያለቀ ነው፣ እንዴት ቻላችሁት?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ፀጉሬ መርገፍ የጀመረው ግቢ ተማሪ እያለሁ ነው፤ አሁን ግንባሬ ሸሽቶ አናቴ ላይ ቆዳዬ ይታያል። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ትራሴን ነው። የረገፈውን አንድ በአንድ እየለቀምኩ እቆጥራለሁ። የቆዳ ሐኪም በዘር የሚመጣ ነው አለኝ። ሚኖክሲዲል የሚባል ለፀጉር መርገፍ የሚሆን መድኃኒት በቀን 2 ጊዜ እቀባለሁ፤ ለውጡ ወራት እንደሚፈጅ፣ ካቆምኩት ደግሞ መርገፉ እንደሚመለስ ነግሮኛል። እሺ፣ እሱን ይዣለሁ። ያቃተኝ ሆዴ ውስጥ ያለው ነው።

ያለ ኮፍያ ከቤት አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን ኮፍያ ማውለቅ ስላለብኝ መሄድ ተውኩ፣ እናቴ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ሥራ በዛብኝ እላታለሁ። ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንሄድ ነፋሱ ኮፍያዬን ወሰደው፤ አንዱ "መላጣው!" ብሎ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ማታ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የምወዳት ልጅ አለች፣ እስካሁን አላናገርኳትም።

"ወንድ ልጅ ለፀጉር አይጨነቅም" አትበሉኝ። እጨነቃለሁ። በዚህ ዕድሜ ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ መላጨቱ ቀለል አደረገላችሁ? ለእናቴስ ምን ብዬ ልጀምርላት? እባካችሁ ንገሩኝ።