ዕድሜው የገፋ ስቴሽን ዋገን ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ ለቤተሰቤ ከባድ ውሳኔ ስለሆነ ትንሽ ዘርዝሬ ባስረዳ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ አንድ ሰው በፈረንጆች 1990ዎቹ የተሠራ፣ ባለ 2ሲ የናፍጣ ሞተር ቶዮታ ኮሮላ ስቴሽን ዋገን ሊሸጡልኝ ይፈልጋሉ። ባለቤቴ ከፍኖተ ሰላምና ከደምበጫ ገበያ በርበሬና እህል እያመጣች ስለምትሸጥ የኋላው ሰፊ ቦታ በጣም ይጠቅመናል። እናቴ ደግሞ ከቢቸና ወጣ ብላ በገጠር ትኖራለች። ሐኪም ዘንድ መውሰድ ባስፈለገን ቁጥር መኪና ለምነን ነው የምንሄደው፤ ከሁሉ በላይ ልቤን ወደ ግዢው የሚጎትተው ይህ ነው። አልፎ አልፎም ዓባይ በረሃን አቋርጠን አዲስ አበባ እንወርዳለን።

ሻጩ የጠየቁት ዋጋ ከቆጠብነው ገንዘብ ከአምስት እጅ አራቱን ይወስዳል። ሞተሩ ታድሷል ይላሉ፤ ነገር ግን መቼና የት እንደታደሰ የሚያሳይ ደረሰኝ የላቸውም። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ውስጡም ንጹሕ ነው። የመኪናው ዕድሜ ብቻውን እንድተወው የሚያስገድድ ምክንያት ነው? ይህ ሞተርስ የዓባይን ዳገት ይችላል? የሚያውቅ ሰው ቢያማክረኝ ውለታው ከፍ ያለ ነው።

የጋራዥ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦

ወንድማችን፣ ዕድሜው ብቻውን አያስፈራዎት። እንደሚያውቁት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ የቤት መኪኖች ላይ ከ400 በመቶ በላይ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው አልወረደም፣ ብዙ ሰውም በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና እየነዳ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ያ ሞተር ከዚህ በፊት ሞቆ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ጥያቄ ነው።

2ሲ በነዳጅ ቆጣቢነቱ የተመሰገነ፣ 1,974 ሲሲ የሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው። የታወቀው ድክመቱ ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውና ቫልቮቹ ያሉበት ክፍል ነው። አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከሞቀ በቫልቮቹ መካከል ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ሳይመረመር ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ብቻ ተቀይሮ የተገጠመ ሞተር ደግሞ ከተማ ውስጥ ደኅና መስሎ ሲሠራ ይቆይና ረጅም ዳገት ሲያገኝ ውኃውን ይተፋዋል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደው ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ እስከ ደጀን የሚወጡት ዳገት ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ከታች በረሃው ይሞቃል፣ ከላይ አየሩ ይሳሳል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ያስቡ። ራዲያተሩ ያለ ችግር የሚሠራው ክዳኑ ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ነው። የላላ ክዳን በዚህ አገር ሞተር ያስበላል።

ስለዚህ ሊያዩት ሲሄዱ በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ይድረሱ። ኮፋኖውን በእጅዎ ይንኩት፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን እመጣለሁ ብለው ይመለሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱና ሞተሩን ያስነሡት፤ ውኃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የሞተሩ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው ማለት ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል ብለው ይጠርጥሩ። ጭሱን በጥንቃቄ ይዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም፣ እንደ እንፋሎት ያለ ነጭ ከሆነ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ግን በእኛ ከፍታ ለናፍጣ ሞተር እንግዳ ነገር አይደለም፤ በከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል፣ በዚህ ብቻ መኪናውን አይጥሉት።

አንድ ነገር ግን አበክሬ እነግርዎታለሁ። የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። የዚህ ሞተር ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል። ገዝተው ወደ ቤት ከመውሰድዎ በፊት ማስቀየሪያውን በዋጋው ውስጥ ያስቡት። የኮምፕሬሽን ልኬትም (ሲሊንደሮቹ አየሩን ምን ያህል አጥብቀው እንደሚጨምቁ የሚያሳየውን) በገለልተኛ ጋራዥ ያስደርጉ፤ ሻጩ ይህን እምቢ ካሉ ጥያቄዎ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ነጋዴ፣ ከቡሬ፦

የባሕር ዳሩ ወንድማችን ስለ ሞተሩ የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ተመሳሳዩን መኪና ባለ 5ኤ ቤንዚን ሞተር ቢፈልጉ እመርጣለሁ። ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ቫልቩ ስለማይመታ መንገድ ላይ ቢያቆምዎትም ሞተሩን አያሳጣዎትም። በነዳጅ በኩል ናፍጣው እንደሚሻል አልክድም።

ስለ ጭነቱም እንነጋገር። ይህ መኪና አምስት ሰው ይዞ በላዩ ሁለት ኩንታል በርበሬና እህል እንዲሸከም አልተሠራም። ፖርቶመጋላው ላይ ሲጫን ደግሞ ከባዱ ከላይ ስለሚሆን ጠመዝማዛ ላይ ሚዛኑን ያስታል። እቃ ሲጭኑ ሰው ይቀንሱ፣ ሰው ሲይዙ እቃውን ለአይሱዙ ይስጡ። የኋላ እግሩንም አስነሥተው ይዩት፤ ለብዙ ዓመት ከመጠን በላይ ተጭኖበት ከሆነ ባዶውንም ቢሆን ወደ ኋላ ተቀምጦ ያገኙታል። ቢቸና አካባቢ ያለውን መረሬ አፈር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ዝናብ ከያዘ በኋላ ዝቅ ያለ መኪና እዚያ ጭቃ ውስጥ ሆዱ ይቀመጣል። ለእናትዎ ብለው የሚገዙት ከሆነ በክረምት ከአስፋልቱ ወዲያ ብዙ እንደማይሄድልዎ አስቀድመው ይወቁት።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የክረምቱ ነገር እውነት ነው፤ እናቴን እስከ ዋናው መንገድ በቃሬዛ ወይም በበቅሎ አውጥተን ከዚያ ብንወስዳት እንኳ አሁን ካለንበት እጅግ ይሻላል። የቤንዚኑን ፈልጌ ነበር፣ በአቅሜ አላገኘሁም። ዛሬ ኮፋኖውን ከፍቼ ሳይ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ላሜራ ላይ በሁለቱም በኩል የብየዳ ምልክት አየሁ፤ የግጭት ምልክት ይሆን? ሊብሬው ደግሞ በሌላ ሰው ስም ነው፤ ሻጩ በውክልና እንደሚሸጡ ነገሩኝ።

የጋራዥ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦

ብየዳው መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። የዝናብ መጥረጊያዎቹን ያስነሡና አቅጣጫቸውን ይዩ፤ ሳይጠረግ የሚቀረው የመስታወቱ ጥግ በሾፌሩ በኩል ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በሚገባ የተሠራ ከሆነ ይነዳል፤ ነገር ግን የመሪው ዘንግና የፍሬኑ ማስተር የተገጠሙበትን ቦታ ከሥር አስነሥቼ ሳላይ እኔ ሰው ግዛ አልልም። መሪው ላይ ልቅነት ካለ ወይም ፍሬኑ ሲረገጥ ላሜራው ከተነቃነቀ ይተዉት፤ ዓባይ በረሃን ቁልቁል የሚወርድ ሰው በዚህ ላይ ሊደራደር አይገባም። ቀለሙ አዲስ ነው ስላሉ ማግኔት ይያዙ፤ ላሜራው ላይ የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ላሜራ መሙያ ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ፦

ስለ ውክልናው አንድ ነገር ልጨምር። ውክልናው መኪናውን ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ ከሆነ ለመሸጥ አያበቃም፤ በግልጽ “ለመሸጥ” የሚል ልዩ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ወካዩ በሕይወት መኖራቸውንና ውክልናውን አለመሻራቸውን ያረጋግጡ፤ ከተቻለም በስልክ ራሳቸውን ያነጋግሩ። ባለ ስሙ ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛቸው ስምምነት በጽሑፍ ይኑር፣ ያለበለዚያ ውሉ በኋላ ሊፈርስ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መኪናው ወደተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና በፋይሉ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለ ይጠይቁ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር በዓይንዎ ያመሳክሩ። ሞተሩ ተቀይሮ ቁጥሩ ሳይመዘገብ የቀረ መኪና የቦሎ ምርመራ ላይ ይያዝብዎታል። የሦስተኛ ወገን መድንም በሕግ ግዴታ ነውና እርስዎ በስምዎ ሳያስገቡ መንገድ አይውጡ። ቀብድ ከሰጡም መጠኑ ትንሽ ይሁን፤ ምርመራው ካልተሳካ እንደሚመለስም በጽሑፍ ይስፈር።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሻጩ ቅዳሜ ማለዳ ሞተሩን ሳያስነሡ እንዲጠብቁኝ፣ ከዚያም በምመርጠው ጋራዥ ኮምፕሬሽኑን አስለክቼ መሪውንና ፍሬኑን ከሥር እንዳሳይ ነገርኳቸው፤ ተስማምተዋል። ባለ ስሙን ግን በስልክ ሊያገናኙኝ አልፈቀዱም። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው፣ ባለ ስሙ ራሳቸው ካልቀረቡ ወይም በስልክ ካላነጋገሩን ሞተሩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ቀብድ አንሰጥም። ከተሳካ ደግሞ ለቺንጋው፣ ለራዲያተር ክዳኑና ለፍሬን ሸራው የሚሆነውን ገንዘብ ከዋጋው ላይ እንዲቀንሱልን እንጠይቃለን።

የጋራዥ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦

በዝርዝሩ ላይ የውኃ ፓምፑን ይጨምሩበት። ቺንጋው ሲፈታ አብሮ ይታያልና ሁለተኛ የእጅ ሥራ ዋጋ አይከፍሉም።