ከተጠባባቂ ወደ ሜዲስን፦ ተራ ይከበር ወይስ እንደገና ይወዳደሩ?

የአባይ ማዶው፦
ሰላም የግሩፑ ሰዎች፣ እንዴት አመሻችሁ? አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። የወንድሜ ልጅ ፍሬሽማን ሲጨርስ አንደኛ ምርጫው ሜዲስን ነበር። አልደረሰውም። ተጠባባቂ ሦስተኛ ሆኖ ወጣና ፋርማሲ ገባ። አሁን ሁለት የሜዲስን ተማሪዎች ለቀቁ። አንዱ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ አግኝቶ ነው፤ ሌላው ደም ማየት አልችልም ብሎ (ይሄን ምርጫ ሲሞላ አላሰበበትም እንዴ?)። ግቢው ዝም ብሏል፤ ተማሪው ግን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ተጠባባቂዎቹ በተራቸው ይግቡ ይላል። ግማሹ ደግሞ ቦታው ለሁሉም ይከፈትና ፈተና ይሰጥ ባይ ነው። እኔ ከተራው ወገን ነኝ። አጎት ስለሆንኩ ማዳላቴን አልደብቅም።

ፍሬሽማን አስተማሪ፦
ጋሼ፣ እኔ ፈተና ይሰጥ ከሚሉት ነኝ። የማትሪክ ውጤትና ጂፒኤ ተደምሮ ሦስተኛና ዘጠነኛውን የሚለየው ስንት መሰለዎት? ነጥብ ምናምን ነው። አንድ የላብ ሪፖርት ላይ ሁለት ማርክ ብጨምር ዘጠነኛው አምስተኛ ይሆናል። ማርኩን የምሰጠው እኔ ነኝና ሲያስጨንቀኝ ነው የሚያድረው። ደግሞ እነዚህ ልጆች ቀድሞውኑ የተበጠሩ ናቸው። የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስታወሳችሁ፣ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.2 በመቶው ብቻ ነበር። ከዚያ ወንፊት ያለፈውን ልጅ በነጥብ ምናምን ሐኪም ትሆናለህ፣ አትሆንም ማለት ለእኔ ሎተሪ ነው። አጭር ፈተና፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ። አለቀ።

የሽምብጥ እናት፦
ቃለ መጠይቅ ስትል እኔ ቶሎ ትዝ የሚለኝ «ሰው አለሽ ወይ?» የሚለው ነው። ልጄ፣ ተራ ቁጥር ዘመድ የለውም።

ኢንተርኗ፦
መምህር የረሱት ነገር ጊዜውን ነው። ፒሲ ዋን (የሜዲስን የመጀመሪያው ዓመት) አናቶሚ የሚጀመረው ወዲያው ነው፤ ማንንም አይጠብቅም። እኛ ስንገባ አጥንቱን በቡድን ተከፋፍለን ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ስንደባብስ እናመሽ ነበር። አንዲት ልጅ ሁለት ሳምንት ዘግይታ መጣች። ክንድ አልቆ ብብት ውስጥ ያለው ብራኪያል ፕሌክሰስ (የክንድ ነርቮች መረብ) ላይ ደርሰናል። ነርቮቹን ከማስታወሻ ልትሸመድድ ሞከረች፤ አስከሬኑ ላይ ስታያቸው ግን አንዱንም መለየት አቃታት። እንባዋ ሲወርድ አይቻለሁ። አሁን ፈተና አውጡ፣ አርሙ፣ ቅሬታ ስሙ ብትሉ አንድ ወር ይበላል። የሚገባው ልጅ ግማሽ ኮርስ አልፎት ነው የሚገባው። በተራ ከሆነ አንድ ስልክ ጥሪ ነው።

ሥራ ፈላጊው፦
እኔ ደግሞ ቦታው ባዶ ይቅር እላለሁ። ሳቁብኝ። ስንት ዓመት ሕክምና ተምሬ ቅጥር ስጠብቅ ሌላ ዓመት አለፈ። በ2011 ግንቦት ሐኪሞች ሰልፍ የወጡት፣ በ2017 ግንቦት እንደገና ሥራ ያቆሙት ለምን ነበር? ኑሮ ነው። ልጁ ፋርማሲ ገብቶ ከሆነ ተዉት፣ ይማር።

የሽምብጥ እናት፦
አይዞህ ዶክተር፣ አንተ የምትለው ሌላ ሕመም ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በጠዋት ሂድና ሰልፉን እየው። ከደቅ ደሴት በጀልባ መጥታ ደረጃው ላይ የተኛች እናት አለች። ሐኪም መች በዛ? ቀጣሪው ነው ያነሰው።

ሥራ ፈላጊው፦
እሱስ ልክ ነዎት እትዬ። ግን ደሞዙን ሲያዩት...

ስደተኛው፦
አሜሪካ ያለው አሠራር ትንሽ ልንገራችሁ። እዚህ አንድ ልጅ ሦስት አራት የሕክምና ትምህርት ቤት ሊቀበለው ይችላል። በፈረንጆቹ አፕሪል መጨረሻ አንዱን ይዞ ሌላውን እንዲለቅ ይጠበቃል። ተጠባባቂው መንቀሳቀስ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው የሚጠሩም አሉ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ቁጥርህን ይነግርሃል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነግርህም። ተማሪውም «ከወሰዳችሁኝ የትም አልሄድም፣ እናንተ ጋ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ፍላጎቱን ያዩበታል። እዚያም ቢሞከርስ?

የሽምብጥ እናት፦
እዚህ ደብዳቤ ቢጀመር የሚታየው ምን እንደተጻፈ አይደለም። ማን ይዞት እንደመጣ ነው።

ሲ ዋን፦
እትዬን አመሰግናለሁ። እኔ ከተጠባባቂ ነው የገባሁት፣ የትኛው ግቢ እንደሆነ ይቅር። ዝርዝሩ መስታወት ላይ ተለጥፎ አምስተኛ ነበርኩ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ አምስቱ በእስክርቢቶ ስድስት ሆኗል፤ ከላዬ አንድ ስም ተጨምሯል። ፊርማ የለ፣ ማህተም የለ። «ማን አስተካከለው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ጸሐፊዋ ትከሻዋን ነቀነቀች። በመጨረሻ ስድስት ሰው ስለለቀቀ ገባሁ እንጂ እስክርቢቶው አስቀርቶኝ ነበር። ስለዚህ ተራም ይሁን ፈተና፣ ዝርዝሩ ከነውጤቱ ይለጠፍ። ስም፣ ነጥብ፣ ተራ። ፎቶ ያነሳ ሁሉ ምስክር ይሆናል።

ፍሬሽማን አስተማሪ፦
በዚህ ተሸነፍኩ። ፈተና ብዬ የጀመርኩት ነጥቡ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ እስክርቢቶውን አላሰብኩትም። ፈተናውንም የሚያርመው ያው እስክርቢቶ ነው። ግን አንድ ነገር አልለቅም። ተራ ከሆነ ቀነ ገደብ ይኑረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚለቀቅ ቦታ ማንም አይጠራ። ኢንተርኗ ያለቻት ልጅ ዓይነት እንዳትደገም።

ኢንተርኗ፦
ሁለት ሳምንትም ይበዛል። አሥር ቀን በሉት። የተጠራ ልጅም በሁለት ቀን አዎ ወይ አይ ይበል።

የአባይ ማዶው፦
ጎሽ። ዛሬ ከሰዓት የሆነውን ልንገራችሁ። ግቢው በተራ እንዲሆን ወስኖ አንደኛውንና ሁለተኛዋን ጠራ። አንደኛው ወዲያው ገባ። ሁለተኛዋ ለወንድሜ ልጅ ደውላ «እኔ ፋርማሲ ወድጄዋለሁ፣ አልሄድም» አለችው። ደስታውን አትጠይቁኝ። ችግሩ ሬጅስትራር በቃል አይቀበልም፤ አልፈልግም ብላ ራሷ ጽፋ ካልፈረመች ቦታው በስሟ ይቆያል። ገደቡ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። እሷ ደግሞ ነገ ጠዋት ፈተና አላት። ሁለት ሰዓት ላይ በሯ ላይ ባጃጅ ይዞ ሊቆም ነው።

የሽምብጥ እናት፦
የባጃጁ ሂሳብ በእኔ። እስክርቢቶም ይያዝ።