ከነውሻዬ አንኮበር እንዴት ልድረስ?

ወገኖቼ፣ እባካችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቡቺ የምትባል የሦስት ዓመት ውሻ አለችኝ። አንድ እሁድ ይዣት አንኮበር ሄጄ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ በእግር ወጥተን፣ ማታ ቤታችን መግባት ነው ሐሳቤ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሰው ቀላል ነው፤ ከውሻ ጋር ግን ተቸገርኩ።

ባለፈው እሁድ በጠዋት መናኸሪያ ሄድን። የመጀመሪያው ረዳት ገና ሲያያት በሩን ዘጋው። ሁለተኛው «የሁለት ሰው ሂሳብ ክፈል» አለኝ። እሺ አልኩ። ከኋላ ወንበር እግሬ ሥር ጆንያ አንጥፌ አስተኛኋት። አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው የምሄደው፤ ከውሻ ጋር አልቀመጥም» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ወረድን። ቡቺ ጭራዋን ቆልፋ እግሬ ሥር ስትለጠፍ አንጀቴን በላችው።

ባቡር እንዳልል በእኛ በኩል አያልፍም። ኮንትራት ከአቅሜ በላይ ነው።

ሌላው ጭንቀቴ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። አፋፉ ላይ በመንጋ ሣር ሲግጡ ካየች፣ ተከትላቸው ገደል እንዳትገባብኝ እፈራለሁ። ጠንካራ ገመድ አላት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ወስዳለች፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።

ውሻ ይዞ በዚያ መስመር የሄደ አለ? በምን ሄዳችሁ? የጭነት አይሱዙ ሹፌር ብለምን ይሻላል? የእረኞች ውሾች ሲመጡባችሁስ ምን አደረጋችሁ?