የእንጨት ኮምፒውተር ኬዝ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በተስማማነው መሠረት አናጺዎቹና የኮምፒውተር ጥገና ክፍሉ አንድ ፕሮፖዛል አብረን እናስገባለን። የምንጠይቀው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ወርክሾፑን ለክረምቱ እንዲፈቅድልን ነው። የምንሠራው በእንጨት ያጌጠ የኮምፒውተር ኬዝ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ሳጥን፣ ለናሙና ሁለት። አንዱ ለኮሌጁ ይቀራል፣ ሌላውን ባዛር ላይ እናሳያለን። ረቂቁን እኔ እጽፈዋለሁ። ግን "ውብና ባህላዊ" ብቻ ብዬ ብጽፍ ማንም ሁለተኛ ገጽ አይገልጥም። ዝርዝር ስጡኝ።

አናጺው፦ እንጨቱ ዋንዛ ይሁን። ለመሮ ይታዘዛል፣ መልኩም ብዙ ቀለም አይፈልግም። ባሕር ዛፍ የሚል ካለ ከአሁኑ ይተው፤ ይጣመማል። እኔ በ18 ሚሊ ጣውላ ሳጥኑን እገጥማለሁ፣ እናንተ ውስጡን ሙሉት። ምን ያስቸግራል?

ጠጋኙ፦ ጋሼ፣ እሱ ላይ ትንሽ ላስቸግርዎት። የኬዙን ጀርባ ይዩት። የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹ የተሠሩት አንድ ሚሊ ለምታህል ላሜራ ነው። እዚያ ላይ 18 ሚሊ ጣውላ ካቆምን ገመዱ አይደርስም። ብረቱ ገና ሳይገባ ፕላስቲኩ እንጨቱን ይነካና ይቆማል። ሌላው የመሬት መስመር፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ነው። በብረት ኬዝ ኤሌክትሪክ ሰጪው ፓወር ሰፕላይም ዋናው ሰሌዳ ማዘርቦርዱም በብሎን ከቀፎው ጋር ይታሰራሉ፣ በሶኬቱ በኩል ሁሉም ከመሬት መስመር ጋር ይገናኛል። እንጨት ይህን አይሠራም። ስለዚህ ውስጡ ብረት፣ ላዩ እንጨት እንበል። መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት፣ አሮጌ ኬዝ አይጠፋም። ፕላስቲክ ፊቱንና ጎኖቹን አውልቀን ቀፎውን ብቻ እንወስዳለን።

አናጺው፦ እና እኔ ላሜራ ላይ እንጨት ልለጥፍ? ፎርማይካ ለጣፊ አደረግከኝ እኮ።

ሒሳብ ያዡ፦ ሳትጣሉ አንድ ጥያቄ። ኮሌጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው "እሳት አይነሳም ወይ?" ብሎ ነው። ምን እንመልስ?

ጠጋኙ፦ ፕሮሰሰር፣ አስሊው ቺፕ ማለት ነው፣ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል፣ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ይጠፋል። እንጨት በሙቀት ብቻ ለመቀጣጠል ከ200 ዲግሪ በደንብ ማለፍ አለበት። የሚያሰጋው የላላ ሽቦና የቆሸሸ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ብረት ሳጥን አለው፣ እኛም አንከፍተውም። የእንጨት ጣጣው ሙቀት አለማሳለፉ ነው። ላሜራ በጎኑ ትንሽ ያስተነፍሳል፣ ጣውላ ግን ያፍናል። ስለዚህ ነፋሱ የሚገባበትን ቀድመን እናስብ። ጌጡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቀራጺዋ፦ ለምን በኋላ? ጌጡ ራሱ የነፋስ መግቢያ ቢሆንስ። መጀመሪያ የታየኝ ፊቱ ላይ የላሊበላ መስኮት ዓይነት መስቀል ፈልፍሎ ማራገቢያውን ከኋላው ማድረግ ነበር።

ሒሳብ ያዡ፦ መስቀሉን ተዪው እህቴ። አቧራ የሚስብ ነገር ላይ መስቀል ማድረግ ለእኔ ደስ አይለኝም። ባዛር ላይ የሚመጣውም ሁሉም ዓይነት ሰው ነው።

ቀራጺዋ፦ ልክ ነህ፣ እኔም ስስለው ከብዶኝ ነበር። ሌላ አለኝ። ይምርሐነ ክርስቶስን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ላስታ ዋሻ ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን። ግድግዳው አንድ ረድፍ ነጭ ልስን፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት እየሆነ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። የአክሱም ዘመን አሠራር ነው፣ ደብረ ዳሞም ግድግዳው ላይ እንጨትና ድንጋይ ይፈራረቃል። እኛ ነጩን ረድፍ በዋንዛ ዘንግ እንተካዋለን። ጥቁሩን ረድፍ ደግሞ ባዶ እንተወዋለን። ከሩቅ ጥቁር መስመር ይመስላል፣ ግን ክፍተት ነው። ነፋሱ በዚያ ይገባል። ዘንጉ 25 ሚሊ፣ ክፍተቱ 5 ሚሊ ይሁን።

ጠጋኙ፦ ኧረ ይሄማ ግሩም ነው! 5 ሚሊው ግን ያንሳል። ፊቱ 20 ሴንቲ ስፋት፣ 37 ሴንቲ ተኩል ቁመት ይኑረው። 25 ሚሊ ዘንግ አሥራ አንድ፣ በመካከላቸው 10 ሚሊ ክፍተት አሥር ይገባል። ይህ 200 ካሬ ሴንቲ ክፍት ቦታ ነው። ሁለት ባለ 120 ሚሊ ማራገቢያ ተደምረው 226 ካሬ ሴንቲ ናቸው፣ ሊደርስ ምንም አይቀረው። በ5 ሚሊ ብንሠራው 120 አይሞላም፣ ማራገቢያው እያፏጨ ነው የሚውለው። ማራገቢያዎቹን ደግሞ ከዘንጉ ሦስት ሴንቲ ያህል ወደ ኋላ እንትከላቸው፣ ከሁሉም ክፍተት እኩል እንዲስቡ።

ቀራጺዋ፦ 10 ሚሊ ለዓይን ይሰፋል። ግን እሺ፣ የዘንጉን ጠርዝ ትንሽ ዘቅዘቅ አድርጌ እልገዋለሁ፣ ጠቦ ይታያል።

አናጺው፦ አሁን ገባኝ። ይኼ ለጠፋ አይደለም፣ ሥራ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ሰፊ ጣውላ ብረት ላይ በቪቴ ጥርቅም አድርገህ ካሰርከው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ አንድ ቀን ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ቀጭን ዘንግ ግን መጠኑም ትንሽ ነው፣ ጎኑም ባዶ ነው፣ እንደልቡ ያብጣል። ለጥንቃቄ ላሜራው ላይ የቪቴውን ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ አድርጉት። ሰፊ ዋንዛ መግዛትም አያስፈልግ። የቤት ዕቃ የሚሠሩት ዘንድ ቁርጥራጩ ተርፎ ለማገዶ ነው የሚሄደው።

ሒሳብ ያዡ፦ ይህን ረቂቁ ላይ በጉልህ ይግባ። ዋንዛ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ክልክል ነው፣ "ከየት አመጣችሁት?" መባላችን አይቀርም። ቁርጥራጭ ነው ካልን ወጪውም ይቀንሳል።

ጠጋኙ፦ ከዘንጉ ኋላ የናይለን ወንፊት እንወጥራለን። የአዲስ አበባን አቧራ ታውቁታላችሁ። ማሰሪያው ከተጣለ ፍሪጅ በር ላስቲክ ውስጥ የሚወጣው ማግኔት ይሁን። ቀፎው ብረት ስለሆነ ጥብቅ ይላል፣ ሲቆሽሽ ነቅሎ ማጠብ ነው። ሃርድ ዲስክ ደግሞ እንጨቱ ላይ አንሰር፣ እንደ ክራር ገበቴ ያስተጋባዋል። የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ እናድርግ።

ጸሐፊዋ፦ ማስጨረሻውስ? ቫርኒሽ ብዬ ልጻፍ?

አናጺው፦ ላከር ይረጭና ያብረቅርቅ።

ቀራጺዋ፦ ጋሼ፣ ላከር ቁርጥ የፕላስቲክ መልክ ይሰጠዋል። በብርጭቆ ወረቀት እስከ 320 ቁጥር እናለስልሰው፣ ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ፣ ሲደርቅ ንብ ሰም። ሰሙ በላይ በኩል ሞቃት አየር የሚወጣበት አካባቢ አይቀባ፣ ይለሰልስና ጣት ይይዛል። አንድ ነገር ግን ረቂቁ ውስጥ በደህንነት ስር ይጻፍ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ አይጣል። ራሱን በራሱ ያሞቅና ሊነድ ይችላል። ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ከኮምፒውተሩ ይልቅ ወርክሾፕ የሚያቃጥለው እሱ ነው።

አናጺው፦ እሱ እውነት ነው። ዘይቱ ይሁን፣ ተሸነፍኩ። ግን አራቱ ማዕዘን ላይ የዝንጀሮ ራስ፣ ከግድግዳ ወጣ የሚለውን የወራጅ ጫፍ፣ ላውጣ። የአክሱም ግድግዳ ያለ እሱ ጎዶሎ ነው። ከታች ያሉት እግር ይሆናሉ፣ ነፋስም ከስር ይገባል።

ሒሳብ ያዡ፦ ጊዜ ይበላል ጋሼ። አንዱ ናሙና ላይ ብቻ ይሁን።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ በዚህ አቆምኩ። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ "ከአሮጌ ኬዝ የተወሰደ ብረት ቀፎ ላይ፣ ከቤት ዕቃ ሥራ በተረፈ ዋንዛ፣ 25 ሚሊ ዘንግና 10 ሚሊ ክፍተት እየተፈራረቀ የሚለበጥ ኬዝ። ማዘርቦርዱ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው መጠን፣ 244 በ244 ሚሊ። ጀርባው በላሜራው ይቀራል። ማስጨረሻው ተልባ ዘይትና ሰም። የዝንጀሮ ራስ በአንዱ ናሙና።" ዋጋው ባዶ ነው፣ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ጠይቀን እንሞላዋለን። ማን ይመጣል?

ጠጋኙ፦ እኔ። ሜትርና ካቻቢቴ ይዤ እመጣለሁ፣ ቀፎው ሳይለካ አይገዛም።

አናጺው፦ እኔም አለሁ። ዋጋ እኔ ነኝ የምጠይቀው፣ አንተ ኮምፒውተር ነክ መሆንህ ፊትህ ላይ ያስታውቃል።