የኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ አመሠራረት፦ ለይቶ የሚያኖር መንግሥት ስለ ምን ኮሌጅ ከፈተ?

የሻርለቱ አባት፦
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በሚመጣው መስከረም ምህንድስና ለመማር በግሪንስቦሮ ከተማ የሚገኘውን ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲን (የእርሻና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲውን) መርጣለች። ስለ ጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ የማውቀው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበትን ሃዋርድን ነው፤ እርሱ ግን የግል ተቋም ነው፤ ይህኛው ደግሞ የመንግሥት ነው። ጥቁር ልጆችን ከነጮች ትምህርት ቤት ያገደ ግዛት በዚያው ዘመን ኮሌጅ ሊከፍትላቸው የቻለው በምን ምክንያት ነው? «ላንድ ግራንት» የሚባለውስ ምን ማለት ነው? ልጄ የምትገባበትን ቤት ታሪክ አውቄ ልሸኛት ስለምፈልግ፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የታሪክ መምህር፦
ወንድሜ፣ ግዛቱ ኮሌጁን የከፈተው ወዶ አይደለም። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1862 የፈረሙት የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ የፌዴራል መሬት ሰጥቶ፣ ከመሬቱ በሚገኘው ገንዘብ የእርሻና የመካኒክ ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ እንዲቋቋም አደረገ። «ላንድ ግራንት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ የመሬት ስጦታ ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ግዛቶች የተከፈቱት ኮሌጆች በአብዛኛው ለጥቁር ተማሪ በራቸው ዝግ ነበር። በነሐሴ 1890 የወጣው ሁለተኛው የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ ከ15,000 ዶላር ተነሥቶ 25,000 እስኪደርስ በየዓመቱ የሚያድግ ገንዘብ ሲመድብ፣ ገንዘቡን የሚፈልግ ግዛት ወይ ኮሌጁ ተማሪን በቀለም እንዳይለይ፣ ወይም ለጥቁሮች ሌላ ኮሌጅ አቋቁሞ ገንዘቡን በፍትሕ እንዲያካፍል አዘዘ። ኖርዝ ካሮላይና በዋና ከተማው በራሌይ ያለውን የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ለነጮች ብቻ ይዞ ገንዘቡንም ላለማጣት ሁለተኛውን መረጠ።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ በራሌይ በሚገኘው በሾው ዩኒቨርሲቲ በተጠጊነት ተማሩ። ኮሌጁን የሚያቋቁመው ሕግ የጸደቀው መጋቢት 9 ቀን 1891 ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ የግሪንስቦሮ ነዋሪዎች 14 ኤከር መሬትና 11,000 ዶላር ሲያዋጡ፣ የግዛቱ ምክር ቤት ለሕንፃው የጨመረው 2,500 ዶላር ብቻ ነበር። ኮሌጁ በ1893 ወደ ግሪንስቦሮ ተዛወረ። የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1967 ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከጆን ክሮስቢ ቀጥሎ ጄምስ ደድሊ ከ1896 እስከ 1925 መርተውታል።

የዓለማያ ተመራቂ፦
የመምህሩን ማብራሪያ በአንድ ነገር ላሟላ። «ላንድ ግራንት» ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ የተቋቋመው ከኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት በመሆኑ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎትን በአንድ ጣራ ሥር የማኖር ሐሳብ የተቀዳው ከዚያው ሥርዓት ነው። እኔም የተማርኩት በዚያ መንገድ ስለሆነ፣ የእነዚህ የጥቁሮች ኮሌጆች የበጀት ታሪክ ያንገበግበኛል። በ1890ው ሕግ የተቋቋሙት ኮሌጆች ያገኙት ገንዘብ እንጂ መሬት አልነበረም። ዛሬም ቢሆን ግዛቱ ከፌዴራሉ ገንዘብ ጋር የሚመጣጠነውን የራሱን መዋጮ አሟልቶ ሳይከፍል ሲቀር፣ ለእነዚህ ኮሌጆች መዋጮው በከፊል እንዲታለፍ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። በመስከረም 2023 የፌዴራል የትምህርትና የግብርና ሚኒስትሮች ለ16 ገዥዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ ኤ ኤንድ ቲ ከ1987 እስከ 2020 ባለው ጊዜ የነጮች ከነበረው ከራሌይ ኮሌጅ ጋር በአንድ ተማሪ ሂሳብ እኩል ቢመደብለት ኖሮ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተጨማሪ ያገኝ እንደነበር አስታውቀዋል። ላቦራቶሪ፣ መኝታ ቤት፣ የመምህራን ደመወዝ ሊሆን የሚገባው ገንዘብ ነው።

ልጅዎ ሴት ስለሆነች ይህንንም ይወቁ፦ ኮሌጁ ሲጀመር ሴቶችን ይቀበል ነበር፤ በ1901 ግን አቋረጠና እስከ 1928 ድረስ በሩን ዘጋባቸው።

ከግሪንስቦሮ፦
እኔ የምኖረው በዚችው ከተማ ነው። የካቲት 1 ቀን 1960 ኢዜል ብሌር፣ ፍራንክሊን ማኬይን፣ ጆሴፍ ማክኒልና ዴቪድ ሪችመንድ የተባሉ አራት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከግቢው ወጥተው ወደ ዉልዎርዝ መደብር ሄዱ። መጀመሪያ ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፤ ገንዘባቸውን የተቀበለው መደብር ግን ለነጮች ብቻ በተለየው የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና ሲያዝዙ ከለከላቸው። እስኪዘጋ ድረስ አልተነሡም። በማግስቱ ከሃያ የሚበልጡ ሆነው ተመለሱ፤ የቤኔት ኮሌጅ ሴት ተማሪዎችም ተጨመሩ፤ ተቃውሞው በደቡቡ ሁሉ ተዛመተ። መደብሩ ጥቁር ተመጋቢዎችን ማስተናገድ የጀመረው ሐምሌ 25 ቀን ነው። ዛሬ ያ ሕንፃ የሲቪል መብቶች ሙዚየም ሆኗልና ልጅዎን ሊያደርሱ ሲመጡ አብራችሁ እንድትገቡ አጥብቄ እመክራለሁ። በግንቦት 1969 ደግሞ ዊሊ ግራይምስ የተባለ ተማሪ በጥይት ተገድሎ፣ በማግስቱ ብሔራዊ ዘቡ ስኮት ሆል የተባለውን የተማሪዎች መኖሪያ ወርሮ ፈትሿል። ያኔ በዚያው ግቢ ፊዚክስ ይማር የነበረው ሮናልድ ማክኔር በ1971 ተመረቀ፤ ጠፈርተኛም ሆኖ በ1986 በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ ሕይወቱ አልፏል። የምህንድስና ኮሌጁ ሕንፃ በእርሱ ስም ስለሚጠራ፣ ልጅዎ በየዕለቱ ስሙን እያነበበች ትገባለች።