ፓስፖርቱ የኔ ነው፣ መልኬን ግን ማን ያስረዳልኝ?

ጥያቄ፦ የአረብ ሱቅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የደሴ ልጅ ናት። አባቴ የመናዊ ነው፤ መርካቶ አካባቢ አረብ ሱቅ የነበራቸው ሰዎች ልጅ፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ። እኔም ከአዲስ አበባ ሌላ አገር የለኝም። ፓስፖርቴም አንድ ነው፣ የኢትዮጵያ። አረብኛዬ ከሰላምታ አያልፍም።

አምና ከጓደኛዬ ጋር ዕቃ ልናመጣ ኢስታንቡል ሄደን ነበር። ላሌሊ ላይ ነጋዴው ሁሉ እሷን በእንግሊዝኛ፣ እኔን በአረብኛ ነው የሚያዋራን። እሱስ ያስቃል። ችግሩ የመጣው ስንመለስ፣ ትራንዚት ባደረግንበት አገር ነው። መሳፈሪያው በር ላይ ሰውየው ፓስፖርቴን አየ፣ ስሜን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በአረብኛ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። «አልችልም» አልኩት። ስሜ እስከ አያቴ ድረስ የአረብ ስም ነው። ፊቱ ወዲያው ተቀየረ። ጓደኛዬን አሳለፏት። እኔን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ 50 ደቂቃ አስቀመጡኝ። ፎቶው ላይ ጸጉሬ ካውያ ገብቶበታል፤ ያን ቀን ደግሞ እንዳለ ለቅቄው ነበር። ፓስፖርቱን ከፊቴ አጠገብ ይዞ፣ ጸጉሬን በእስክሪብቶ ገለጥ አድርጎ ጆሮዬን ያያል። እስክሪብቶዋን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አሁን ከሦስት ሳምንት በኋላ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ሮም እሄዳለሁ። የሸንገን ቪዛው ወጥቷል። ምን ወረቀት ልያዝ? «ከየት ነሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል? የአባቴን ነገር ላንሳው ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ከዚራ

እህቴ፣ እኔም ክልስ ነኝ፤ አባቴ ግሪክ ነበር፣ እኔ የድሬ ልጅ። መልክሽ ምንም አላደረገም አልልሽም። ግን የሚፈሩት ሌላም ነገር አለ። የሚመስለውን ሰው ፓስፖርት ይዞ የሚጓዝ አለ። አየር መንገድ ደግሞ ትክክለኛ ሰነድ የሌለው ሰው አውሮፓ ካደረሰ በሺዎች ዩሮ ይቀጣል። ስለዚህ በር ላይ የሚቆመው ሰው የሚጠራጠረው ለአየር መንገዱ ኪስ ፈርቶ ነው። ጸጉር ይቀያየራል፣ ጆሮ አይቀያየርም። ጆሮሽን ያየው ለዚያ ነው፤ በእስክሪብቶ መግለጡ ግን ብልግና ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጉዞሽ ቀን በተቻለ መጠን ፎቶሽን ምሰይ። ካውያ ባትገቢ እንኳ ጸጉርሽን ወደ ኋላ ሸብ አድርጊው። እኔ አንዴ ጢሜን እንደ መነኩሴ አሳድጌ ሄጄ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላ ፎቶ ያለበት መታወቂያም ያዢ። ፋይዳ ወይም መንጃ ፈቃድ። ሁለት ፎቶ ላይ አንድ ፊት ሲያዩ ይረጋጋሉ።

መልስ፦ የሮማዋ

እንኳን ደስ ያላችሁ በቅድሚያ!

የኔ እህት፣ ቪዛ ወጣ ማለት መግባት ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ፊውሚቺኖ፣ የሮም ኤርፖርት ስትደርሺ እንደገና ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የአክስትሽ የጥሪ ደብዳቤና የመታወቂያዋ ኮፒ፣ የመመለሻ ትኬት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሠርጉ ካርድ፣ ሁሉም ታትሞ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን። ስልክ ውስጥ ነው አትበይ፣ ስልክ ይዘጋል። ሻንጣ ውስጥ ከከተትሽውማ የለሽም ማለት ነው። ከጥቅምት 2025 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በማኅተም ፋንታ አሻራና የፊት ፎቶ የሚወስድ ሥርዓት ጀምረዋል፣ እንዳትደነግጪ። እንዲያውም ላንቺ ይሻልሻል፤ አሻራ መልክ አያይም።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ፖሊስ መታወቂያ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ በተለይ ቴርሚኒ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ። ኮፒ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል ዋናውን ከደረትሽ አጠገብ ያዢው።

እና አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሮም ላይ አበሻ ነሽ የሚልሽ የለም። ሞሮኮ ይሉሻል፣ ብራዚል ይሉሻል። የሚያናድደው የኛዎቹ ናቸው። እኔ ቀላ ስለምል ቴርሚኒ አጠገብ አበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ሜኑውን በጣልያንኛ ሰጥተውኝ፣ እንጀራ እንዴት እንደሚጠቀለል በእጃቸው አሳይተውኛል። ዝም ብዬ ተማርኩላቸው።

መልስ፦ ተጓዥ 77

እኔ ብሆን ትንሽ አረብኛ ተምሬ እሄድ ነበር። «አህለን» ካልሽው ያሳልፍሻል፣ ምን ያጨቃጭቃል?

መልስ፦ ከዚራ

ተጓዥ፣ ተው እንጂ! «አህለን» ስትለው በአረብኛ ይቀጥላል። ከዚያስ? ግማሽ ቋንቋ ከምንም የባሰ ነው። አንድ ቋንቋ መርጠሽ በእሱ ጽኚ። አስተርጓሚ ከፈለግሽም «አማርኛ» ብለሽ ጠይቂ። ገበያ ላይ ግን እንደ ፈለግሽ ሁኚ፤ እኔ ካይሮ ገበያ ውስጥ ሶሪያዊ ሆኜ ዋጋ አስቀንሻለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ ትርጉም ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

የልደት ሰርተፊኬት ካለሽ በእንግሊዝኛ ያለውን ያዢ። እዚያ ላይ የእናትሽም የአባትሽም ስምና ዜግነት ተጽፏል። ስምሽ ለምን የአረብ እንደሆነ ከአፍሽ ይልቅ ወረቀቱ ቢናገር ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ከሁለት አንዱ ወላጁ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ አባቴ የመናዊ ነው ማለትሽ ከዜግነትሽ ላይ ምንም አይቀንስም። ሲጠይቁሽ ተናገሪ፣ ካልጠየቁሽ አታንሺ።

ከመያዝሽ በፊት ግን ቀኑን አመሳክሪ። ብዙ ሰው የሚጠለፈው እዚህ ላይ ነው። ጥር 12 ቀን 1988 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 21 ቀን 1996 ነው። አንዳንዱ ተርጓሚ ስምንት መደመሩን ይረሳና 1988ን እንዳለ ይጽፈዋል። ሌላው በየዓመቱ ጥር 12 ጃንዋሪ 20 ይመስለውና አንድ ቀን ያጎድላል። ለኛ አንድ ቀን ምንም አይደለም። ለኢሚግሬሽን ግን ሁለት ሰው ነሽ። ከፓስፖርትሽ ጋር ካልገጠመ ወይ አስተካክይው፣ ወይ ቤት ተይው።

መልስ፦ የመንትዮች እናት

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። እኔ ልጨምር፣ ልጅ ይዘው ለሚጓዙ። ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፣ ልጆቼ ወደ አባታቸው አድልተዋል። በኛ አጠራር ስሜ ላይ ያለው የአያቴ ስም ነው፣ የልጆቼ ደግሞ የባሌ ቤተሰብ ስም። በስምም በመልክም አንገናኝም። አንድ ኤርፖርት ላይ ፓስፖርት የምታየው ሴትዮ የአራት ዓመት ልጄን ጎንበስ ብላ «ይቺ ማናት?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ አኩርፋብኝ ስለነበር ዝም አለች። ቸኮሌት ከልክያት ነበር እኮ! እንደዚያ ቀን ላብ አልቦኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የአባታቸውን የፈቃድ ደብዳቤ በውልና ማስረጃ አረጋግጬ፣ ከልደት ሰርተፊኬታቸው ጋር በአንድ ክላሰር ነው የምይዘው። ቸኮሌትም አልከለክልም።

መልስ፦ ባሕር ዳር

እኔ ክልስ አይደለሁም ግን ሃቫና ላይ አንድም ሰው ባዕድ ነህ ብሎኝ አያውቅም። አውቶቡስ ውስጥ አሮጊቶች በስፓኒሽ ሲያወሩኝ ራሴን ስነቀንቅ ነው የከረምኩት። አንድ ሽማግሌ ብቻ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ «ኦጋዴን!» ብለው አቀፉኝ፤ በ1970 በሶማሊያ ጦርነት እኛ ጋ ከዘመቱት የኩባ ወታደሮች አንዱ ነበሩ። ለጥያቄሽ አይጠቅምም፣ ትዝ ብሎኝ ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ሳየው የኔም ሰርተፊኬት በአንድ ቀን ተሳስቷል! ለማስተካከል ጊዜ ስለሌለ ትቼው እሄዳለሁ። ጸጉሬን እሸበዋለሁ።

የጠያቂዋ ምላሽ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሄጄ ተመለስኩ። ሮም ስገባ ፓስፖርት የምታየው ሴትዮ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ለምን መጣሽ፣ መቼ ትመለሻለሽ። የሠርጉን ካርድ አየችና «አውጉሪ» አለችኝ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ነው አሉ። ስለ አባቴ ያነሳ የለም። ፋይዳውም ከቦርሳዬ አልወጣም። አበሻ ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን ሜኑው በጣልያንኛ ነው የመጣልኝ፣ የሮማዋ እውነቷን ነው።

የተያዝኩት ቦሌ ነው። ወጥቼ ስቆም ባለታክሲው ሮጦ መጥቶ በእንግሊዝኛ «ማዳም፣ ታክሲ?» አለኝ። «ስንት ነው?» ስለው ሻንጣዬን ለቀቀው። «ውይ፣ አበሻ ነሽ እንዴ?»

መልስ፦ ከዚራ

ዋጋውስ?

የጠያቂዋ ምላሽ

ግማሽ በግማሽ ወረደ። እኔም ግማሽ ግማሽ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።